የአርመን አፈ ታሪክን ስትስሉ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

የአራራት ተራራን ግራና ቀኙን ገልብጦ መሳል። ይሄ በጣም ይበዛል። አራራት ሁለት ጫፍ አለው፤ ትልቁ 5,137 ሜትር፣ ትንሹ 3,896 ሜትር። ተራራው ዛሬ ያለው ቱርክ ውስጥ ነው። ከአርመን ዋና ከተማ ከየሬቫን ሲታይ ትንሹ በግራ፣ ትልቁ በቀኝ ይቆማል። ከቱርክ፣ በደቡብ በኩል ካያችሁት ግን ቦታ ይቀያየራሉ። ስለዚህ ፎቶው ከየት እንደተነሳ ሳታጣሩ አትቅዱ። ከየሬቫን በየቀኑ የሚያየው ሰው ወዲያው ይነቃባችኋል።

የአርመኖች አባት የሚባለውን ሃይክን ብቻውን የቆመ ጎራዴ ያዥ ማድረግ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። የጥንቱ አርመናዊ ታሪክ ጸሐፊ ሞቭሴስ ኾሬናትሲ እንደጻፈው ሃይክ ለጨቋኙ ገዢ ለቤል አልገዛም ብሎ ከባቢሎን ወጣ። ልጆቹን፣ የልጅ ልጆቹንና 300 ያህል ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሰሜን ሄደ። ቤል ሠራዊቱን አስከትሎ መጣበት። በቫን ሐይቅ አካባቢ ተጋጠሙ፤ የሃይክ ቀስት የቤልን የደረት ጥሩር ሰንጥቆ ገባ። ስለዚህ መሣሪያው ደጋን ነው። ፀጉሩ ጥቅልል፣ ዓይኑ የሚያበራ፣ ክንዱ ብርቱ ነው ተብሏል። ግን አያትም ነው! ከኋላው ሴቶችና ሕፃናት ከሌሉ ለምን እንደተዋጋ አይታይም። አርመኖች ራሳቸውን «ሃይ» የሚሉት በእሱ ስም ነው ይባላል፤ ያ ሕዝብ ሥዕሉ ውስጥ ቦታ ይገባዋል።

ዘመን ማደባለቅ። በሃይክ ጋሻ ላይ መስቀል ወይም የአርመን ፊደል አታድርጉ። ፊደሉን ሜስሮፕ ማሽቶትስ የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ405 ገደማ ነው። ኻችካር የሚባለው ጥርብ የመስቀል ድንጋይ ደግሞ የመጣው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ451 አርመኖች ከፋርሶች ጋር ያደረጉትን የአቫራይር ጦርነት ከሳላችሁ መስቀሉም ፊደሉም ያስኬዳል፤ ኻችካሩ ግን እዚያም አይገባም።

ሁልጊዜ ውጊያውን መምረጥ። የአሦር ንግሥት ሻሚራም መልከ መልካሙን የአርመን ንጉሥ አራን ወደደችው፣ እምቢ አላት፣ ዘመተችበት፣ እሱም ጦር ሜዳ ላይ ሞተ። አርመናዊው ሠዓሊ ቫርድጌስ ሱሬንያንትስ እ.ኤ.አ. በ1899 ይህን ሲስል ጦሩን ተወው። ንግሥቲቱን ከአስከሬኑ አጠገብ አስቀመጣት። ድል አድርጋ የፈለገችውን አጥታለች፤ የታሪኩ ሕመም ያለው እዚያ ነው።

ቀለሙን ከራስ መፍጠር። የጥንቱ የአርመን አምላክ የቫሃግን የልደት መዝሙር ቀለሙን ራሱ ይሰጣችኋል። ሰማይና ምድር ያምጣሉ፣ ሐምራዊው ባሕርም ያምጣል። ከቀይ ሸምበቆ ጭስ ይወጣል፣ ከዚያ ነበልባል፣ ከነበልባሉ ወጣቱ። ፀጉሩ እሳት፣ ዓይኖቹ ፀሐይ ናቸው። ባሕሩን በልማድ ሰማያዊ አታድርጉት። ሐምራዊውን መጀመሪያ ቀቡ፣ እሳቱን በላዩ አምጡ።