በደጋ ከተማ የቤት ኬሚስትሪ፦ ከፍታንና ውርጭን አስልቶ መሥራት

በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበር ወይም በመንዝ ሆኖ በቤቱ አነስተኛ የኬሚስትሪ ሙከራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም በመጻሕፍት የሚገኙት አብዛኞቹ መመሪያዎች ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ስፍራ ለሚኖር አንባቢ የተጻፉ መሆናቸው ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ውሃ በ100 ሳይሆን በ90 ተኩል ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ጣርማ በርን አልፈው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ደግሞ ይኸው ውሃ 96 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይፈላም።

ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው ሥራ ቴርሞሜትሩን መፈተሽ ነው። የተፈጨ በረዶ ከጥቂት ውሃ ጋር በኩባያ ቀላቅለው የመሣሪያውን ጫፍ ቢያስገቡበት ዜሮ ማሳየት ይኖርበታል፤ ይህ ነጥብ በከፍታ አይለወጥም ለማለት ይቻላል። ቀጥሎ ጨው ያልገባበት ውሃ አፍልተው ጫፉን ከእንፋሎቱ ያገናኙት። ደብረ ብርሃን ላይ 90 ወይም 91 ቢያነብ መሣሪያው ደኅና ነው፤ «መቶ አላለም» ተብሎ የሚጣለው ቴርሞሜትር ብዙውን ጊዜ ምንም ጉድለት የሌለበት ነው። የትኩሳት መለኪያ ግን ልኩ 42 ዲግሪ ላይ ስለሚያበቃ በፈላ ውሃ ይሰነጠቃል፤ ሜርኩሪ ያለበት ከሆነም ቤቱን ይመርዛል።

ሙቀቱ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቢሆን ይመረጣል። በደጋ ብርድ መስኮት ዘግቶ ከሰል ማያያዝ የተለመደ ቢሆንም፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው እንደሚገድል መዘንጋት የለበትም። በረኪናም ከሙከራው ጠረጴዛ ይራቅ፤ ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

አሲድንና የአሲድ ተቃራኒ የሆነውን ቤዝን በቀለም ለውጥ ለመለየት የሚያገለግል ጠቋሚ ከወጥ ቤት ይገኛል። ብዙ ሰው ቀለሙን አይቶ ወደ ቀይ ሥር ይሄዳል፤ ነገር ግን የቀይ ሥር ቀለም እጅግ ኃይለኛ ቤዝ ካላገኘው በቀር በግልጽ ስለማይለወጥ ለዚህ ሥራ አይመችም። ከርከዴና የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ይሻላሉ። አንድ እፍኝ ልጣጭ በኩባያ ፍል ውሃ ተዘፍዝፎ ይቆይና በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ውሃው እንደ ቆላው ስለማይግል ከመመሪያው ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት ይገባል። ጠቋሚው በአቼቶ ሮዝ ወይም ቀይ፣ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ወደ አረንጓዴ ያደላ ይሆናል። ከርከዴ በተፈጥሮው ጎምዛዛ በመሆኑ ብዙ ከተጨመረ ደካማውን ቤዝ ራሱ ያከሽፈዋል፤ ስለዚህ ቀጥኖ በጠብታ ብቻ መጨመር አለበት። የእንጀራ እርሾና አጓት በዚህ ቢፈተኑ አሲድነታቸው ወዲያው ይታያል።

ለጠቋሚው እውነተኛ ፈተና የሚሆነው ግን የባሕር ዛፍ አመድ ነው። ፕላስቲክ ወይም ቆሻሻ ያልተቃጠለበት አመድ ተነፍቶ፣ ከሦስት እጥፍ ሙቅ ውሃ ጋር ተማስሎ ያድራል፤ በማግስቱ ከላይ የጠለለው ውሃ ዝቃጩ ሳይናወጥ ይቀዳና በድርብ ጨርቅ ይጣራል። ይህ ውሃ በዋናነት ፖታሲየም ካርቦኔት የያዘ ኃይለኛ ቤዝ ስለሆነ የዓይን መከላከያ መነጽርና የጎማ ጓንት ሳያደርጉ አይነካም። የአልሙኒየም ድስት እዚህ ፈጽሞ አይገባም፤ ቤዙ ብረቱን እየበላ ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ያወጣልና። የማይዝግ ብረት ድስት ይበቃል። ጥቂቱን ቀድተው አቼቶ ጠብ ቢያደርጉበት የሚታየው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ካርቦኔት መኖሩንም ያረጋግጣል።

የቀረው ፈሳሽ በዝግታ ተተንኖ ከመጠኑ አንድ አሥረኛው ገደማ ሲቀር እሳቱ ይጥፋ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ የደጋው ሌሊት ይሠራዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውርጭ በሚጥልባቸው ምሽቶች ማሰሮው ተከድኖ ልጅና ከብት በማይደርስበት ቀዝቃዛ ክፍል ይደር። በአመዱ ውሃ ከካርቦኔቱ ጋር አብሮ የሚገኘው ፖታሲየም ሰልፌት የተባለ ሌላ ጨው በቀዝቃዛ ውሃ የሚሟሟው በጥቂቱ ሲሆን፣ ካርቦኔቱ ግን በ20 ዲግሪ እንኳ ከውሃው ክብደት በላይ ይሟሟል። ስለዚህ ጧት በማሰሮው ግርጌ የሚገኙት ትንንሽ ደረቅ ቅንጣቶች በአመዛኙ ሰልፌት ናቸው፤ የሚፈለገው ካርቦኔት በፈሳሹ ውስጥ ስለቀረ ፈሳሹ ተቀድቶ ይደርቃል። ነጩ ዱቄት እርጥበት ከአየር እየሳበ ስለሚላቆጥ አፉ በሚገጥም ብልቃጥ ተቀምጦ ስሙ በግልጽ ይጻፍበት። ከምግብ ሶዳ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አደጋ መጥራት ነው።

ሌሊቱ ለክሪስታል አሳዳጊም ይጠቅማል፤ ቀኑ ግን ያስቸግራል። በገበያ የሚሸጠው ሸብ በሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛው ብዙ እጥፍ ስለሚሟሟ ለጀማሪ የተመቸ ነው። የገበታ ጨው ግን በሙቅም በቀዝቃዛም ውሃ የሚሟሟው ተቀራራቢ መጠን ስለሆነ፣ ፈሳሹን በማቀዝቀዝ የጨው ክሪስታል የሚጠብቅ ሰው በከንቱ ይደክማል፤ ጨው የሚፈልገው መትነንን ነው። 20 ግራም ሸብ በ100 ሚሊ ሊትር 60 ዲግሪ ውሃ ሟሙቶ፣ ተጣርቶ ሲያድር በግርጌው ከሚገኙት ቅንጣቶች ጥርት ያለው ይመረጣል። ቅንጣቱ በቀጭን የናይሎን ክር ታስሮ፣ በላዩ ካደረው ከዚያው ፈሳሽ ውስጥ ዕቃውን ሳይነካ ይንጠለጠላል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በደጋ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የቀንና የሌሊት ሙቀት እጅግ ስለሚራራቅ ሌሊት ያደገው ክሪስታል ፀሐይ ሲበረታ መልሶ ይሟሟል፤ እኩለ ቀን ላይ ባዶ ክር ብቻ የሚያገኝ ሰው የሰረቀውን ከመፈለጉ በፊት መስኮቱን ቢመለከት ይሻለዋል። መፍትሔው ብልቃጡን በጭድ በተሞላ ሣጥን መሐል ቀብሮ በአሮጌ ብርድ ልብስ መሸፈንና ፀሐይ ከማያገኘው ግድግዳ ጥግ ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ሲሆን የሙቀቱ ለውጥ ስለሚዘገይ ክሪስታሉ ቀስ ብሎ፣ ጠርዙ ስል ሆኖ ያድጋል። የሸቡን ፈሳሽ በከርከዴ ጠቋሚ የፈተነ ሰው ቀይ ሆኖ ሲያየው ይገረም ይሆናል፤ በውስጡ ያለው አልሙኒየም ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድነት ስለሚፈጥር ነው።

ሥራው ሲያበቃ የተረፈው የአመድ ውሃ እንዳለ ወደ ጓሮ አትክልት አይደፋ። ጠቋሚ ጨምረው አረንጓዴው ቀለም እስኪለቅ ድረስ አቼቶ በጥቂት በጥቂቱ ያንጠባጥቡበት፤ አረፋው ካቆመ በኋላ በብዙ ውሃ ቀጥኖ ወደ ፍሳሽ መውረጃ ሊፈስስ ይችላል።