መሳቢያ ውስጥ የገባ ሥራ አይሠራም፦ ኤዲኤችዲ ላለበት ሰው የቤት ቢሮ ሲዘጋጅ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ኤዲኤችዲ (ADHD) ትኩረትንና ራስን መቆጣጠርን የሚያስቸግር የአእምሮ ሁኔታ ነው። ያለበት ሰው ምን መሥራት እንዳለበት ብዙውን ጊዜ ያውቃል። የሚያቅተው በሰዓቱ መጀመርና የጀመረውን ይዞ መዝለቅ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ራስል ባርክሌይ ይህን ደጋግመው ያስረዳሉ፤ ማስታወሻውም ሰዓቱም ሥራው በሚሠራበት ቦታና ጊዜ ከሰውየው ፊት መገኘት አለባቸው ይላሉ። ቢሮ የሚያዘጋጁ ሰዎች ግን ገንዘባቸውን ወንበርና መጋረጃ ላይ ይጨርሱና ለማስታወሻው ቦታ ያጣሉ።

ሁሉን ነገር መደበቅ

ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ስህተት ይህ ነው። ሰውየው አንድ ቅዳሜ በወኔ ይነሣል። ስድስት መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ ያስገባል፤ ደረሰኙን፣ ውሉን፣ ያልተከፈለውን ሂሳብ፣ በግማሽ የቆመውን ሥራ በየመሳቢያው ይከታል፤ ባዶውን ጠረጴዛ ፎቶ አንሥቶ ለጓደኞቹ ይልካል። ሰኞ ጠዋት ሲቀመጥ ምን ቀድሞ እንደሚሠራ የሚነግረው አንድም ነገር የለም። የግብር ማሳወቂያው ቀን ያልፋል፤ ወረቀቱ ከቅጣቱ በኋላ ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ቤተሰቡ «ስንፍና ነው» ይላል። አይደለም። ኤዲኤችዲ በእጅ ያለን ነገር ለአፍታ ይዞ የሚያቆየውን ትውስታ ብዙ ጊዜ ያዳክማል፤ ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚባለው ለእሱ ቃል በቃል እውነት ነው። ንጹሕ ጠረጴዛ የሚያምረው ለጎብኚ ነው።

ይህን ሲሰሙ ሁሉን ነገር ጠረጴዛው ላይ የሚዘረግፉም አሉ፤ እሱም አይሠራም። 30 ነገር በአንድ ጊዜ ከታየ አንዱም አይታይም። ክዳን የሌላቸው ሦስት ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥኖች ይበቃሉ። በወፍራም ማርከር «ዛሬ»፣ «በዚህ ሳምንት»፣ «መልስ የምጠብቅበት» ብለው ይጻፉባቸውና ሳይነሡ እጅ በሚደርስበት ያስቀምጧቸው። «ዛሬ» ውስጥ ከ3 ወረቀት በላይ አይግባ፤ አራተኛ ከመጣ አንዱ ይውጣ። ቁልፍ፣ ቦርሳና ማዳመጫ ግድግዳ ላይ መንጠቆ ይኑራቸው። መሳቢያ ካለዎት ለመለዋወጫ ባትሪና ለትርፍ እስክሪብቶ ይሁን። ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ትንንሽ ወረቀቶችን ከ5 አያሳልፉ፤ በየሳምንቱ ቀለማቸውንም ቦታቸውንም ይቀይሩ፤ አለዚያ ዓይን ይለምዳቸውና ግድግዳ ይሆናሉ።

ለጎበዝ ቀን ማዘጋጀት

በ12 ቀለም የተከፋፈለ ማስታወሻ ደብተር፣ በአራት መተግበሪያ የተያያዘ ዕቅድ፣ በየቀኑ የሚሞላ ሠንጠረዥ፤ ሁሉም የሚያምረው ሐሳቡ አዲስ በሆነበት ሳምንት ነው። ቢሮዎን እንቅልፍ ላልተኙበትና ለተበሳጩበት ቀን ያዘጋጁት። መለኪያው ቀላል ነው፤ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እስከ መጻፍ ድረስ ስንት እንቅስቃሴ አለ? ከሦስት ከበለጠ ይቀንሱ። ላፕቶፑ ከጠረጴዛው የማይነቀል የራሱ ሁለተኛ ቻርጀር ይኑረው። ይህ ቅንጦት የሚመስለው ብዙ ነው። ቻርጀር ፍለጋ የተነሣ ሰው ግን መኝታ ቤት ሲገባ ያልታጠፈ ልብስ ያያል፣ ልብሱን ሲያጥፍ ኪሱ ውስጥ ደረሰኝ ያገኛል፣ ስለ ደረሰኙ ሊደውል ስልኩን ያነሣል፤ ጠዋቱ እዚያ ያልቃል።

ሰዓትን ስልክ ላይ ብቻ ማየት

ጊዜ ሲሮጥ አለመታወቁ ከኤዲኤችዲ ዋና ዋና ችግሮች አንዱ ነው፤ ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ሰዓት ደግሞ ስንት እንደቀረ አያሳይም። ባለ ጠቋሚ የግድግዳ ሰዓት ከስክሪኑ በላይ ይስቀሉ። የቀረው ጊዜ እንደ ቀይ ክብ እየጠበበ የሚሄድበት የ60 ደቂቃ መቁጠሪያ ከተገኘ የተሻለ ነው፤ ካልተገኘ የሚጠመዘዝ የማዕድ ቤት ደወል ይሠራል። ብዙዎች የሚመክሩት 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ማረፍ ለሁሉም አይስማማም። ለመጀመር 10 ደቂቃ ብቻ ይሙሉ፤ ሥራው ከያዘዎት ወደ 45 ያሳድጉት።

እኛ ዘንድ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ኮምፒውተሩ 15:00 ሲል ቤቱ 9 ሰዓት ይላል፤ ለደከመ ጭንቅላት ይህ ቅየራ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከውጭ አሠሪ ጋር የሚሠሩ ከሆነ ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን ይስቀሉና ከግርጌያቸው «የእኛ» እና «የእነሱ» ብለው ይጻፉ። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም፣ አሜሪካ ግን በማርችና በኖቬምበር ትቀይራለች። ስለዚህ ኒውዮርክ ላይ ከጠዋቱ 10:00 የሚጀመር ስብሰባ ከማርች እስከ ኖቬምበር በእኛ 11 ሰዓት፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ግን 12 ሰዓት ላይ ይውላል። ማስጠንቀቂያውን ከስብሰባው 15 ደቂቃ በፊትና እንደገና 5 ደቂቃ ሲቀረው ይሙሉ፤ አንድ ብቻ ከሆነ «እሺ» ተብሎ ይጠፋል።

ስልኩስ? ገልብጦ ማስቀመጥ ማራቅ አይደለም፤ ሌላ ክፍል ቻርጅ ይደረግ።

አቀማመጡን ለውበት መምረጥ

ፊትዎ ወደ በሩ ከሆነ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ይወስድዎታል፤ ጀርባዎ ከሆነ ደግሞ እየደነገጡ ይዞራሉ። በሩም መስኮቱም በጎን ይሁኑ። መስኮት በጎን ሲሆን ስክሪኑም አያንጸባርቅም። የጠረጴዛው ከፍታ ከ72 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ስክሪኑ አንድ ክንድ ያህል የራቀ፣ የላይኛው ጠርዙም ከዓይን ትይዩ። እግር ማወዛወዝና መነሣት መቀመጥ ትኩረት የሚይዝላቸው ሰዎች አሉና «አርፈህ ተቀመጥ» የሚል ወንበር አይግዙ። የማይጮህ መሆኑን ግን ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ይሞክሩት።

ፍጹም ጸጥታና ፍጹም ብቸኝነት መፈለግ

ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ የቧንቧ ጠብታ እንኳ ትኩረት ይሰርቃል። የቬንትሌተር ድምፅ ወይም ግጥም የሌለው ሙዚቃ የተሻለ ነው። አጠገብ ዝም ብሎ የራሱን የሚሠራ ሰው መኖሩም ብዙዎችን ያስጀምራል፤ ወንድም፣ እህት ወይም በቪዲዮ የተከፈተ የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል።

ቤተሰቡ ግን «ቤት ነው ያለው» ብሎ ለሱቅ እንዳይልክ የሚታይ ምልክት ይስማሙ፤ በሩ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ከታሰረ ማንም አያንኳኳም። ቡናውን መከልከል ከንቱ ነው፤ ሽታው በር አያስከፍትም ወይ? ሰዓቱን ተነጋግረው የዕረፍት ጊዜዎ ያድርጉት፤ ለአቦል ብለው በረካ ላይ የሚነሡ ከሆነ ደወሉን ይዘው ይሂዱ።

መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው ፋይል ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ራሱን ያስቀምጣል። የማይመለሰው የሐሳቡ ክር ነው። ኪቦርዱ አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ወረቀት ይኑር፤ ላዩ ላይ «ቀጥሎ የማደርገው፦» ተብሎ ይጻፍና ከወንበር በተነሡ ቁጥር አንድ መስመር ይሙሉ። «ሪፖርቱን መቀጠል» አይበቃም፤ «ገጽ 4፣ የመጋቢት ወጪ ድምር» ይበሉ። ለራውተሩ ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ሲገዙ ራውተሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ፤ ብዙዎቹ 12 ናቸው፣ 9 የሆኑም አሉ፤ ካልገጠመ ራውተሩ ላይሠራ ወይም ሊቃጠል ይችላል።

ሁሉን በአንድ ቀን መግዛት

መግዛቱ ራሱ ሥራ የሠሩ ያስመስላል፤ ለዚህ ነው የሚጣፍጠው። መጀመሪያ ደወሉን፣ ሦስቱን ሳጥኖችና ሁለተኛውን ቻርጀር ይግዙ። ሁለት ሳምንት ይጠቀሙባቸው፤ ያልተነካውን ያስወጡና ቀጣዩን አንድ ነገር ይጨምሩ። ጠረጴዛ መጨረሻ ይምጣ፤ እስከዚያ የምግብ ጠረጴዛው አንዱ ጥግ ይበቃል፣ የትኛው ጎን እንደሚስማማዎም እዚያው ይታወቃል።