የዓይን ነርቭ ጉዳትን በባትሪ ብርሃን መመርመር

አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ባለሙያ፣ «አንዱ ዓይኔ ፈዘዘብኝ» የሚል ታካሚ ሲቀርብላቸው፣ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሪፈር ከመጻፋቸው በፊት ነርቩ ተጎድቶ እንደሆነ የሚጠቁም ጠንካራ ምልክት በአንድ ባትሪ ማግኘት ይችላሉ።

ጤነኛ ሰው አንዱ ዓይኑ ላይ ብቻ ቢበራበትም ሁለቱም ብሌኖቹ (በዓይን መሃል ያሉት ብርሃን የሚያስገቡ ጥቁር ቀዳዳዎች) እኩል ይጠባሉ፤ በዓይን ነርቭ በኩል መካከለኛው አንጎል የደረሰው መልእክት ለሁለቱም ወገን ትእዛዝ ያስተላልፋልና። አንደኛው ነርቭ ከተጎዳ ግን ብርሃኑ ከጤነኛው ወደ ተጎዳው ዓይን ሲዞር መልእክቱ ስለሚደክም፣ ጠብበው የነበሩት ብሌኖች ይሰፋሉ።

ምርመራው የብሌን ማስፊያ ጠብታ ከመደረጉ በፊት መሠራት አለበት። ክፍሉን ያጨልሙ፤ ቅርብ ማየት በራሱ ብሌንን ስለሚያጠብ ታካሚው ራቅ ያለ ግድግዳ ላይ እንዲያተኩሩ ይንገሯቸው። ደማቅ ብርሃን ያለው ባትሪ ከፊት ትንሽ ዝቅ አድርገው ይያዙ፣ አንዱን ዓይን ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ያብሩ፣ ከዚያም አፍንጫውን በፍጥነት ተሻግረው ሌላኛውን በዚያው ርቀትና በዚያው አቅጣጫ ለተመሳሳይ ጊዜ ያብሩ፤ ይህንንም ደጋግመው ያድርጉት። አንዱን ዓይን ከሌላኛው ረዘም ላለ ጊዜ ማብራት ውጤቱን ያበላሻል። የእኛ ሰው ዓይን ጥቁር ቡናማ በመሆኑ የብሌኑ ጠርዝ በጨለማ ስለማይለይ፣ ደብዘዝ ያለ ሁለተኛ ብርሃን ከጎን ማብራት እጅግ ይረዳል።

መታየት ያለበት ብርሃኑ ሲያርፍ የሚታየው የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መጠነኛ መጥበብና መስፋት በጤነኛም ይኖራል። በጉዳት ወይም በመድኃኒት ምክንያት አንዱ ብሌን የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ የሌላኛውን ብሌን ብቻ እየተመለከቱ መሥራት ይቻላል።

የዓይን ሞራ ብቻውን ይህን ምልክት አያመጣም፤ ስለዚህ ብርሃኑ ሞራ ወዳለበት ዓይን ሲዞር ብሌኑ ከሰፋ ከጀርባው የነርቭ ወይም ሰፊ የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ጉዳት መጠርጠር ይገባል። ይሁንና ምርመራው ሁለቱን ዓይኖች ማወዳደር ስለሆነ፣ ለቲቢ የሚሰጠው ኢታምቡቶል እንደሚያደርገው ሁለቱም ነርቮች እኩል ሲጎዱ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ መድኃኒቱን የሚወስዱ ታካሚ እይታ ከቀነሰባቸው የእይታ አቅማቸውና ቀለም የመለየት ችሎታቸው መመርመር አለበት። ከኋለኛው የአንጎል ክፍል የመጣ የእይታ ችግርም በብሌን አይታወቅም።

በሪፈር ወረቀቱ ላይ ምልክቱ የታየበትን ዓይን፣ የሁለቱንም ዓይኖች የእይታ መጠንና ጠብታ አለመደረጉን ይጻፉ፤ እይታው በድንገት የጠፋ ከሆነ ታካሚውን በዚያው ቀን ይላኩ።