ባዝራ ስታምጥ ሰዓት እዩ

ደብረ ብርሃን ዙሪያ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ብዙ ጊዜ የምጠራው ለላም ነው። ለባዝራ ስጠራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል። ሰው ባዝራን በላም ሰዓት ስለሚጠብቃት ነው።

ላም ሰዓታት አምጣም ጥጃው ሊተርፍ ይችላል። ባዝራ ግን ሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ መገላገል አለባት። ስለዚህ ውሃው ሲፈስ ሰዓት እዩ። 10 ደቂቃ አልፎ ምንም ካልታየ ደውሉ። "እስቲ ትንሽ እንያት" አትበሉ።

አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ሌሊት ስለሆነ ባትሪ አይጥፋ። ነጣ ባለ ስስ ከረጢት ውስጥ ሁለት የፊት እግር፣ አንዱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ኮቴው ወደ መሬት ተደፍቶ፣ አፍንጫውም ጉልበቱ ላይ ተኝቶ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ኮቴው ከተገለበጠ፣ አንድ እግር ብቻ ከመጣ ወይም ጭንቅላቱ ከጠፋ አትጎትቱ። አስነስታችሁ ቀስ እያላችሁ አንሸራሽሯት። ስትራመድ ምጡ ረገብ ይላል፤ እኔም እስከዚያ እደርሳለሁ።

እኔን የማይጠብቅ አንድ ነገር አለ። በነጩ ከረጢት ፋንታ ቀይ፣ እንደ ከፋይ ያለ፣ መሃሉ ላይ ኮከብ መሳይ ነጣ ያለ ምልክት ያለበት ነገር ከወጣ እንግዴ ልጁ ቀድሞ ተላቋል ማለት ነው። ውርንጭላው እየታፈነ ነው። ውስጥ ያለውን ሳትነኩ ወዲያው ቅደዱት። አመጣጡ ልክ ከሆነ ስታምጥ አብራችሁ ሳቡ፣ ስታርፍ እረፉ። አንድ ጎረምሳ በስልክ እየነገርኩት በእናቱ የሽንኩርት ቢላ ቀዶ አውጥቶታል።

ከዚያ እንግዴ ልጁ አለ። የላም ግማሽ ቀን ቢቆይ ብዙም አያስደነግጥም። የባዝራ 3 ሰዓት ካለፈው ግን ማህፀኗ ሊመረዝ፣ ኮቴዋም ውስጥ ውስጡን ሊታመም ይችላል። የጋሪ ከሆነች እንጀራችሁ ቆመ በሉ። አንድ አባወራ ክብደቱ ይጎትተው ብለው ድንጋይ አስረውበት አገኘኋቸው። ኧረ ጋሼ! ማህፀኗ ተገልብጦ ሊወጣ ይችል ነበር። እንዳትረግጠው ከቋንጃዋ በላይ ቋጥራችሁ ተዉት።

ሲወጣ ለውሻ አትጣሉት። ባልዲ ውስጥ ከድናችሁ አቆዩልኝ። መሬት ላይ ሲዘረጋ ሱሪ ይመስላል፣ ሁለት እግር አለው። ከአንዱ እግር ጫፍ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ብትጎድል ውስጥ ቀርታለች፤ ማህፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲኑን፣ ከቦርሳዬ የማወጣው ያኔ ነው።