ከደሴ ሆኖ ከፍተኛ ስፓኒሽን ማጥናት፦ በአማርኛ በኩል የሚያልፍ መንገድ

ስፓኒሽን ለመጀመር ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መኖር የሚከለክለው ነገር የለም፤ ስልክና ጥቂት ዳታ ያለው ሰው ሰላምታውንና ገበያውን በራሱ ጥረት ይለምደዋል። ፈተናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ የቋንቋ ችሎታን ከኤ1 እስከ ሲ2 የሚመድበው የአውሮፓ የጋራ የቋንቋ ማዕቀፍ ቢ2 ከሚለው ደረጃ ወደ ሲ1 ለመሻገር ሲታሰብ ነው። በስፓኒሽ በሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ መማር የሚፈልግ ሰው ንግግር አድምጦ ማስታወሻ መያዝ፣ ረጅም ጽሑፍ አንብቦ መከራከርና ሐሳቡን በተስተካከለ ድርሰት ማቅረብ ይጠበቅበታል። እዚህ ደረጃ ላይ ለሚገኝ አማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው በእንግሊዝኛ በኩል መዞሩን ትቶ ከአማርኛ በቀጥታ ወደ ስፓኒሽ እንዲያልፍ ነው።

ይህን የተረዳሁት በራሴ ስሕተት ነው። አንድ ምሽት በኢንተርኔት ትምህርት ላይ ሳለሁ መብራት ጠፋና መስመሩ ተቋረጠ። ስመለስ ለመምህሬ «ላ ሉስ ፉዌ አፓጋዳ» አልኋት፤ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል መገልበጤ ነበር። እሷም «ማን አጠፋው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የተናገርሁት መብራቱን አንድ ሰው ሆን ብሎ እንዳጠፋው የሚያሰማ ነበርና። ማለት የነበረብኝ «ሴ ሜ ፉዌ ላ ሉስ» ነው፤ ይኸውም አማርኛችን ሳይቸገር «መብራት ጠፋብኝ» የሚለው ነው። የኛ «‑ብኝ» የሚሠራውን ሥራ በስፓኒሹ «ሴ ሜ» ይሠራዋል። ብርጭቆ ሲሰበርብን «ሴ ሜ ሮምፒዮ ኤል ባሶ»፣ ነገር ሲረሳን «ሴ ሜ ኦልቢዶ» እንላለን። በእንግሊዝኛ በተጻፉ መማሪያዎች ይህ አነጋገር ብዙ ገጽ የሚፈጅ ምዕራፍ ሲሆን፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን አሳቡ ቀድሞ በአፉ ውስጥ ያለ ነው።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዙና ገጹን ለሁለት ክፈሉት፤ በአንድ በኩል ካነበባችሁት ጽሑፍ ያወጣችሁትን የስፓኒሽ ዓረፍተ ነገር፣ በሌላው በኩል እናታችሁ ብትሆን እንዴት ትለው እንደነበር በአማርኛ ጻፉ፤ እንግሊዝኛ እንዳታስገቡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመሳሳዮቹ ራሳቸው እየተሰለፉ ይመጣሉ። «ራሴን አመመኝ» እና «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» በሁለቱም የሚታመመው ሰው ተሳቢ ነው። «ለወንድሜ መጽሐፉን ሰጠሁት» ስንል በግሡ ላይ የምንጨምረውን ምልክት ስፓኒሹ «ሌ ዲ ኤል ሊብሮ ኣ ሚ ኤርማኖ» ሲል «ሌ» በምትለው ቃል ይደግመዋል። «ተናገርሁ» እና «እናገር ነበር» የሚለው ልዩነትም በ«አብሌ» እና «አብላባ» መካከል በአብዛኛው ይገኛል።

ተማሪዎችን የሚያስጨንቀው ሱብኹንቲቦ የተባለው የግሥ መልክ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ርባ ግሥ የተማረ ሰው ግን ዘንድ አንቀጽን ያውቃል፤ ያልተማረም ቢሆን «እንድትመጣ እፈልጋለሁ» እያለ በየቀኑ ይጠቀምበታል። ፈላጊውና መጪው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ ስፓኒሹ «ኪዬሮ ኬ ቤንጋስ» ይላል፤ አንድ ሰው ሲሆኑ ደግሞ እኛ «መምጣት እፈልጋለሁ» እንደምንለው ሁሉ «ኪዬሮ ቤኒር» ይላል። ልመና፣ ትእዛዝ፣ ምኞትና ዓላማ ያለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች በዚህ መንገድ ብትለማመዱ ግማሹ ሥራ ያልቃል።

የቀረው ግማሽ ግን አማርኛ የማይረዳበት ቦታ ነውና ጊዜያችሁን በዚህ ላይ አውሉ። «ቤት ሲመጣ ቡና እንጠጣለን» የሚለውን አስቡ። ዘወትር እሑድ የሚደረገውን ልማድም፣ ገና የነገውንም ቀጠሮ በዚሁ ቃል እንናገረዋለን። ስፓኒሹ ግን ይለያቸዋል፤ ለልማዱ «ኩዋንዶ ብዬኔ»፣ ገና ላልሆነው «ኩዋንዶ ቤንጋ» ይላል። በእኔ ልምድ ብዙ ጊዜ እርማት የወረደብኝ እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል፦ «ሲ‑» ያለበት አሳብ በመጣላችሁ ቁጥር «ይህ ሆኖ ያውቃል ወይስ ገና ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁና ከዚያ በኋላ ግሡን ምረጡ። «ምንም እንኳ» የሚል ትርጉም ያለው «አውንኬ»ም እንዲሁ ነው፤ በሐምሌ ጦሳ ተራራ ላይ ዝናቡ ሲወርድ በመስኮት እያያችሁ የምትናገሩት «አውንኬ ዩዌቤ» ነው፤ ስለ ነገው ሳታውቁ «ቢዘንብም እሄዳለሁ» የምትሉት ግን «አውንኬ ዩዌባ» ነው።

የስም ጾታም ሌላው ወጥመድ ነው፤ እኛ ነገሩን ስናሳንሰው ወይም ስንወደው ወደ ሴት እናዞረዋለን፣ በስፓኒሽ ግን እንዲህ ያለ ነጻነት የለም። «ፕሮብሌማ»፣ «ቴማ» እና «ሲስቴማ» በ«ኣ» ቢያልቁም ወንድ ናቸው፣ «ማኖ» በ«ኦ» ቢያልቅም ሴት ነው። ማንኛውንም ስም ያለ መስተአምሩ («ኤል» ወይም «ላ») በደብተራችሁ አትጻፉ።

ለአነጋገሩ የተለየ ክፍል አያስፈልግም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ስትወርዱ በስልክ ያወረዳችሁትን የስፓኒሽ ዝግጅት እየሰማችሁ በልባችሁ ተከተሉ፤ ኔትወርክም መብራትም ስለማይታመን አስቀድማችሁ በዋይፋይ አውርዱ። አማርኛ እዚህም ያግዛል፤ ኘ አለን፣ መጥበቅና መላላትም አለን። ሮ ሲላላ «ግን» የሚል ትርጉም ያለው «ፔሮ»፣ ሲጠብቅ «ውሻ» ይሆናል፤ «በራ» የሚለውን ቃል አጥብቆና አላልቶ የሚለይ ጆሮ ይህን አይስተውም። ጥንቃቄ የሚያሻው ፐ፣ ተ እና ከ ወደ ጰ፣ ጠ እና ቀ እንዳይጠጉ ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ልጆች በኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ በምትባል ደሴት ተምረዋልና በአካባቢያችሁ ከእነሱ አንዱን ካገኛችሁ ቡና ጋብዛችሁ አነጋግሩ፤ «ኤስታ» የሚለውን «ኤህታ» ቢሏችሁ ስሕተት ሳይሆን የኩባ ወግ ነው፣ ጆሯችሁም አንድ ዘዬ ብቻ ከመልመድ ይድናል።

ወደ ድርሰቱ ስንመጣ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ከስፔን ወይም ከላቲን አሜሪካ ጋዜጣ አንድ የአስተያየት ጽሑፍ አንብባችሁ በ200 ቃላት ተቃወሙት ወይም ደግፉት። «ሲን ኤምባርጎ» (ይሁን እንጂ) እና «ፖር ሎ ታንቶ» (ስለዚህ) የመሰሉትን ማያያዣዎች አታብዙ፤ አሳቡ ካልተያያዘ ማያያዣ አያያይዘውም። በ1713 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነጻ ስለሚገኝ፣ ቃሉን በስፓኒሽ የተፈታበትን አንብባችሁ ወደ አማርኛ መልሱት።

ማስረጃ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሁለት ፈተናዎች አሉ። ዴሌ ስፓኒሽን በዓለም ለማስፋፋት በቆመው የስፔን መንግሥት ድርጅት፣ በሰርቫንቴስ ተቋም የሚሰጥ ሲሆን ዲፕሎማው ጊዜ አያልፍበትም፤ ሲዬሌ በኮምፒውተር የሚሰጥና ለ5 ዓመት የሚያገለግል ነው። ዴሌ ላይ ደረጃውን አስቀድማችሁ መርጣችሁ ስለምትቀመጡ መውደቅ አለ፣ ሲዬሌ ግን በውጤታችሁ መሠረት ደረጃችሁን ይነግራችኋል። ከመመዝገባችሁ በፊት የምታመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ የትኛውን እንደሚቀበል በጽሑፍ ጠይቁ፤ ደብዳቤውንም በስፓኒሽ፣ «አንተ» በሚለው «ቱ» ሳይሆን «እርስዎ» በሚለው «ኡስቴድ» ጻፉት።