ጅማ ዙሪያ የመሬት ሽፋን ለውጥ ስታጠኑ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎችን ማገዝ ደስ ይለኛል። አንድ ስህተት ግን ደጋግሞ ሲመጣብኝ ዝም ማለት አቃተኝ።

የቡና ጥላ ዛፍን ጫካ ብሎ መቁጠር ነው። ላንድሳት የተባለው ሳተላይት የሚያነሳው ምስል አንድ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ የሚያሳየውም የዛፉን አናት ነው። ጌራ ወይም ጎማ ወረዳ ሂዱ። ከላይ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብሳናው ተንሰራፍቷል። ከሥር ግን ያለው ቡና ነው። ገበሬው ቡናው አየር እንዲያገኝ ቁጥቋጦውን ይመነጥራል፤ የዛፍ ችግኙም አብሮ ይሄዳል። ተማሪው ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ "የደን ሽፋኑ አልተለወጠም" ብሎ ይጽፋል። እንዴት አልተለወጠም! ጌራ ውስጥ አንድ አዛውንት እጄን ይዘው ከዛፎቹ ሥር አዞሩኝና "ልጄ፣ ትልልቆቹ አሉ። የሚተኳቸው ልጆች የታሉ?" አሉኝ። ይህን የሳተላይት ምስሉ አይነግራችሁም። እባካችሁ ግቡና ችግኙን ቁጠሩ።

ባህር ዛፍንም ከተፈጥሮ ደን ጋር አትደምሩ።

ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። የግልገል ጊቤ 1 የኃይል ማመንጫ ግድብ ሥራ የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። አንድ ተማሪ የ1996 ምስል አውርዶ "ሐይቁ የታለ?" አለኝ። ያወረደው የፈረንጆቹን 1996 ነበር፤ ግድቡ ሥራ የጀመረው በእነሱ 2004 ነው። አልተቆጣሁትም። እኔም ጀማሪ ሳለሁ የዝናብ መዝገብ ከምስል ጋር ሳዛምድ ይህንኑ ሠርቼ የሁለት ወር ሥራ ደግሜያለሁ። ልዩነቱ 7 ይሁን 8 ዓመት ወሩን አይታችሁ ወስኑ።

በክረምት ደመና ስለሚያስቸግር የበጋ ምስል መውሰድ ጥሩ ነው። ግን የአንዱን ዓመት ኅዳር ከሌላው ዓመት የካቲት ጋር አታወዳድሩ። ኅዳር ላይ ያልታጨደው ጤፍ የካቲት ላይ ባዶ መሬት ነው። ጅማ ያለውን የቦዬን ረግረግም በበጋ ብቻ ያየ ሰው ግጦሽ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ገበሬ ስትጠይቁ "በስንት ዓመተ ምሕረት?" አትበሉ። "ደርግ ሲወድቅ ይሄ ማሳ ምን ነበር?" በሉ፤ 1983ን አዋቂ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ኦሮምኛ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ቡና ከተፈላላችሁም እስከ በረካ ተቀመጡ። እኔ አንድ ምንጭ መቼ እንደደረቀ የሰማሁት ሦስተኛው ስኒ ላይ ነው፤ መጠይቁን ከዘጋሁ በኋላ።