ብርዱን ቆሞ ባሳለፈ አርቪ ውስጥ አይጥ ሲገባ

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አርቪ (ውስጡ መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና) ስጠግን በየጸደዩ የሚመጣልኝ ችግር አንድ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ቆሞ የከረመው መኪና ለመጀመሪያው ጉዞ ሲከፈትና ማሞቂያው ሲነሳ፣ ከወለሉ የአየር ማስወጫዎች የሽንት ሽታ ይወጣል፤ በመሳቢያው ውስጥም የሩዝ ፍሬ የሚያህል የአይጥ ዓይነ ምድር ይገኛል።

ባለቤቶቹ በርና መስኮት ሲፈትሹ ይውላሉ፤ አይጧ ግን የምትገባው ከሥር፣ የውኃ ቱቦ፣ የጋዝ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ ወለሉን በስተው ከሚያልፉበት ቦታ ነው። 6 ሚሊሜትር ክፍተት ይበቃታል። ፋብሪካው ደግሞ ጣት ለሚያህል ቧንቧ ቡጢ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይቆርጥና ፎም ነፍቶበት ያልፋል፤ ፎም ለአይጥ የጎጆ መሥሪያ እንጂ መከላከያ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ወጥመድ ሲያጠምድ የኖረ፣ አንድ ሰሞንም ድመት ተውሶ ያሳደረ ደንበኛ ነበረኝ። ከሥር ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ስፈታ፣ የሻወሩ ፍሳሽ በሚወርድበት በኩል የሳህን ስፋት ያለው ቀዳዳ ያለ ምንም ክዳን ተከፍቶ አገኘሁ፤ የሙቀት መከላከያው ጥጥም ተቦርቡሮ የአይጥ ሰፈር ሆኗል። በዚያ ቀዳዳ ድመቷም ራሷ መውጣትና መግባት ትችል ነበር።

ቀዳዳውን ለማግኘት ሽፋኑን ፈትተው፣ ማታ በየቁም ሳጥኑና በማጠቢያው ሥር ኃይለኛ መብራት አብርተው፣ ከመኪናው ሥር ተኝተው ይመልከቱ፤ ብርሃን በሾለከበት ሁሉ አይጥም ይሾልካል። ትንሹን ክፍተት የመዳብ ሽቦ መረብ ጠቅጥቀው በላዩ ማሸጊያ ይቀቡበት፤ የድስት መፈተጊያ ብረት ዝጎ ስለሚበጣጠስ አይመከርም። ለሰፊው ላሜራ ቆርጠው በብሎን ያጥብቁበት። የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚወጣባት ትንሽ መስኮት ክዳኗ ከተሰበረ ይለውጡት፤ ከአሥር መኪና በስምንቱ ተሰብሮ ነው የማገኘው።

የፕሮፔን ሲሊንደር በሚቀመጥበት ሳጥን ግርጌ ያሉትን ቀዳዳዎች ግን ፈጽሞ አይድፈኑ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ጋዙ ከፈሰሰ በዚያ በኩል ወደ ውጭ መውረድ አለበት። አንድ ትጉህ ሰው እነርሱንም በጥንቃቄ ደፍኖ አምጥቶልኝ፣ ሰላምታችንን ሳንጨርስ ነው የከፈትኳቸው። የማሞቂያውንና የውኃ ማሞቂያውን የጭስ መውጫም እንዲሁ አይንኩ።

መርዝ አያስቀምጡ፤ አይጧ ግድግዳ ውስጥ ትሞትና ሽታው ለሳምንታት ይቀመጣል።

ዓይነ ምድሩን በደረቁ አይጥረጉ፤ በቫኪዩምም አይሳቡ። አንዳንድ የአሜሪካ የዱር አይጦች ከዓይነ ምድራቸው በሚነሣ አቧራ ወደ ሳንባ የሚገባ፣ ሃንታቫይረስ የሚባል አደገኛ ቫይረስ ይሸከማሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በካሊፎርኒያው የዮሰሚቲ ፓርክ የድንኳን ቤቶች ግድግዳ ውስጥ አይጦች ጎጆ ሠርተው 10 ጎብኚዎች ታመዋል፤ 3ቱ ሞተዋል። መስኮቶቹን ከፍተው ያናፍሱ፤ ጓንት አድርገው አንድ እጅ በረኪናን በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ያርጥቡት፤ 5 ደቂቃ ቆይተው በወረቀት ይጥረጉት።

ማሞቂያው ተለኩሶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ የጭስ መውጫውን ይመልከቱ፤ ጭቃ የምትለጥፈው ተርብ ቤቷን ሠርታበት ይሆናል። ጋዙን ዘግተውና ማሞቂያው እስኪበርድ ጠብቀው ጭቃውን ያውጡ። ከመደብር የሚገዛውን ወንፊት ከማድረግዎ በፊት የማሞቂያው አምራች ይፈቅድ እንደሆነ መመሪያውን ያንብቡ፤ አየር ካነቀ ከተርቡ የባሰ ነው።

ጉንዳን በኤሌክትሪክ ገመዱ፣ በውኃ ቱቦውና በድጋፍ እግሮቹ ላይ ተሰልፎ ይወጣል፤ ከሚረጭ መድኃኒት ይልቅ በሰልፉ ላይ የሚቀመጥ፣ የጉንዳን መድኃኒት የተቀላቀለበት ማባበያ ምግብ ይሻላል፣ ወደ ጎሬው ይዞት ስለሚሄድ። በረሮ አብዛኛውን ጊዜ ከገበያ በሚመጣ ካርቶን ይገባል፤ ዕቃውን ውጭ አራግፈው ካርቶኑን እዚያው ይጣሉት።